ለልጄ፣ ስለ ላሞቹ ባንክ

የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽ? ያን ቀን ስልኩ እየተቆራረጠ በደንብ አልሰማሁሽም እንጂ "አባዬ የትንሽ ከተማ ባንክ ዲዛይን አድርጉ ተባልን፣ ይሄ ምኑ ይሠራል" ስትይ ሰምቼሻለሁ። ልመልስልሽ ስል መስመሩ ተቋረጠ፣ እኔም በቃ ልጻፍላት አልኩ።

ሉዊስ ሱሊቫንን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ያ ቺካጎ ላይ ረጃጅም ፎቆችን የሠራው አርክቴክት። ሥራ ጠፍቶበት እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ሰዓት ነው ሚኒሶታ ውስጥ ኦዋቶና ከምትባል የገበሬ ከተማ ካርል ቤኔት የሚባል ባንከኛ ባንክ ሥራልኝ ብሎ የጠራው፣ ሰውየው መጽሔት ላይ የሱሊቫንን ጽሑፍ አንብቦ ወዶት ኖሯል። ያኔ ባንክ ማለት የግሪክ ቤተ መቅደስ ነው፣ ዓምድ በዓምድ፣ ብራችሁ አይጠፋም ለማለት ነዋ። እነሱ ግን ዓምድ የሚባል ነገር አላቆሙም፣ ከታች ቀይ ድንጋይ፣ ከላይ የጡብ ሳጥን፣ በሁለቱ መንገድ በኩል አንድ አንድ ትልቅ የቅስት መስኮት ባለቀለም መስታወት ያለው፣ አለቀ። በፈረንጆቹ 1908 ተከፈተ።

ነገሩ ውስጡ ነው። አረንጓዴና ወርቃማ ብርሃን፣ ጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው ከ2 ቶን በላይ የሚመዝኑ አራት የብረት መብራቶች፣ ግድግዳው ላይ ደሞ ምን ብታዪ ጥሩ ነው፣ ላሞች! በትልቁ የተሳሉ ሣር የሚግጡ ላሞች። ገበሬው ቀና ሲል የራሱን ከብት ያያል ማለት ነው። ለገበሬዎች መገናኛ፣ ለሴቶች ደሞ ማረፊያ ክፍል ነበረው። የሕንፃውን ጌጥ አብዛኛውን የነደፈው የሱሊቫን ረዳት ጆርጅ ኤልምስሊ ነው፣ ስሙ ግን ለአለቃው ሄደ፣ ይሄ የናንተ ሙያ ነገር መቼም። በ1909 ደሞዝ የሚከፈልበት አቅም ጠፍቶ ከሱሊቫን ተለየ።

ሱሊቫን በ1924 ደህይቶ ሞተ፣ ባንኩ በ1926 ከሰረ፣ ቤኔትም አብሮ ወደቀ። በ1940 ደሞ እናዘምነው ብለው የድሮዎቹን የገንዘብ ከፋይ መስኮቶች ከነጌጣቸው ነቃቅለው ጣሉ፣ እንዴት እጃቸው እሺ እንዳላቸው እንጃ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌላ አርክቴክት መጥቶ የተረፈውን አዳነ፣ በ1981 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ላሞቹ አሁንም አሉ።

ለመሆኑ ያንቺ ባንክ ውስጥ ወረፋ የያዘ ሰው ቀና ሲል ምን ያያል? ስትደውዪ ንገሪኝ፣ እናትሽም ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ