የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኮምፒውተሩ እምቢ ያለበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን በ14 አባላት ሥራ ሲጀምር የነበሩን ሦስት ብሬድቦርዶች (ሰርኪት ያለ ብየዳ የሚሰካባቸው ሰሌዳዎች)፣ አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዕቃው ስለማይበቃን ሰርኪቶቻችንን አስቀድመን በኮምፒውተር ለመሞከር ተስማማን። የመረጥነው ኤንጂስፓይስ የተባለውን ሰርኪት በስሌት የሚሞክር ሶፍትዌር ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ አሮጌ ማሽንም አይከብደውም። ዘሩ የሚመዘዘው ሎረንስ ኔግል በ1973 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በፕሮፌሰር ዶናልድ ፒደርሰን መሪነት ካቀረበው ስፓይስ ከተባለው ሶፍትዌር ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን 220 ቮልትን ወደ 12 የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮዶችና ቻርጅ የሚያጠራቅም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያለው የኃይል ምንጭ ነበር። ኮምፒውተሩ ገና ከመነሻው እምቢ አለ። ተማሪዎቹ የሶፍትዌሩን ቅንብር ሊነካኩ ሲሉ ከልክዬ ሥዕሉን በጣታቸው እንዲከተሉ አደረግኋቸው። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለው ክፍል በሙሉ ከግራውንድ (ቮልቴጅ ሁሉ ከሚለካበት ዜሮ ነጥብ) ጋር የሚያገናኘው አንድም መስመር አልነበረውም። በእውነተኛ ዕቃ ቢሠራ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቮልቴጁን ከየት ተነሥቶ ይለካው? አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጎደለውን መስመር ስትጨምር መልሱ ወዲያው መጣ።

ከዚያ በኋላ «ግን እንዴት ነው የሚያሰላው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ለዚህ ጥያቄ የሰጠነው ከሰዓት በኋላ ነው። 5 ቮልት፣ አንድ ኪሎኦም ሬዚስተርና አንድ ዳዮድ በሰሌዳ ላይ ሣልን፤ ተማሪዎቹም ካልኩሌተር ይዘው የኮምፒውተሩን ሥራ ተከፋፈሉ። መንገዱ ኒውተን የዘረጋው ነው፦ የዳዮዱን ቮልቴጅ ትገምታለህ፣ በግምትህ ላይ የዳዮዱን የቮልቴጅና የከረንት ኩርባ በቀጥታ መስመር ትተካለህ፣ መስመሩ ወደሚያመለክተው አዲስ ግምት ትሄዳለህ፤ ግምቱ እስኪረጋ ትደጋግማለህ። ከ0.8 ቮልት የተነሣው ቡድን ቀስ በቀስ እየወረደ በስምንተኛው ስሌት 0.69 ላይ ረጋ። ከ0.6 የተነሣው ቡድን ለመልሱ ይበልጥ ቅርብ ስለነበር ቀድሞ ይጨርሳል ብለን ጠበቅን። ሁለተኛው ግምቱ ግን ወደ 1.36 ቮልት ዘለለ። በዚህ ቮልቴጅ በዳዮዱ የሚያልፈውን ከረንት ሲያሰሉ ከ600 ሚሊዮን አምፔር በላይ ሆነባቸው! ካልኩሌተራቸው የተበላሸ መስሏቸው ከጎረቤት ተዋሱ። የዳዮድ ከረንት በየ60 ሚሊቮልቱ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ ነው። ስፓይስ በአንድ ጊዜ ሩቅ እንዳይዘል ለዳዮድ የእርምጃ ገደብ የሚያደርግለት ለምን እንደሆነ ከዚያ ቀን በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ፍጥነትም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ቡድን የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም በአንድ ስሌትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ፣ 4 ሚሊሰከንድ አደረገው፤ የመብራቱ ሞገድ በ20 ሚሊሰከንድ ስለሚዞር ኩርባው የተሰባበረ መስመር ሆነ። ሌላው ቡድን ጥራት ፈልጎ 10 ናኖሰከንድ አደረገውና 200 ሚሊሰከንድ ለማስላት 20 ሚሊዮን እርምጃ ጠየቀ፤ ማሽኑ እስከ ደወል ድረስ ቆመ። በመጨረሻ በ50 ማይክሮሰከንድ ተስማማን። ለፍጥነት ሲሉ ሶፍትዌሩ የሚፈቅደውን የስህተት ገደብ ከ0.001 ወደ 0.1 ያሳደጉም ነበሩ። ለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፦ ማንም መልስ ከማቅረቡ በፊት ገደቡን በአሥር እጥፍ አጥብቆ ይድገመው፤ መልሱ ከተንቀሳቀሰ አይታመንም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሁለት ትራንዚስተሮች እየተፈራረቁ የሚያበሩትን ብልጭ ድርግም የሚል ሰርኪት ሠራን። በብሬድቦርድ ላይ ባትሪው እንደተነካ ብልጭ ማለት ጀመረ፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁለቱም ትራንዚስተሮች እንደበሩ ቀሩ። ይህን ያህል የተከራከርንበት ነገር አልነበረም። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግራና ቀኙ ፍጹም መንትያ ነው፤ ስሌቱም ሁሉም ነገር ከረጋበት ሁኔታ ይነሣል፤ ስለዚህ ማን ይቅደም? በእጃችን ያሉት ትራንዚስተሮች ግን እኩል አይደሉም፣ ባትሪውም በድንገት ነው የሚነካቸው። የአንደኛውን ትራንዚስተር ቤዝ (የሚያበራና የሚያጠፋውን እግር) በመነሻው ቅጽበት ዜሮ ቮልት እንዲሆን ስናዝ መፈራረቁ ጀመረ።

ይሁንና የብሬድቦርዱ ብልጭታ ኮምፒውተሩ ካሳየው በ8 በመቶ ገደማ ይዘገይ ነበር። ብዙዎቹ እንደገና ወደ ሶፍትዌሩ ቅንብር ሮጡ። ያቺው የግራውንዱን መስመር ያገኘችው ተማሪ ግን ሁለቱን ካፓሲተሮች ነቅላ በመልቲሜትሩ ለካቻቸው። በላያቸው 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱም 10.8 ገደማ ነበሩ። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀይራ አስገባችና ሰዓቷን እያየች የብልጭታውን ብዛት ትቆጥር ጀመር።