ድሬ ስትሄዱ አጎበሩን ብቻ አትመኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ስለ ቁልቢ ገብርኤል መንገድ፣ ስለ አልጋ ዋጋ፣ ስለ ኪስ አውላቂ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። እግረ መንገዳችንን ብዙዎቻችን ስለምንገባባት ስለ ድሬዳዋ፣ ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ ስለምታስተላልፈው ትንኟ ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

ባለፈው ዓመት ከንግሡ በኋላ ድሬ አክስቴ ቤት ስድስት ቀን ቆየሁ። ማታ ማታ አጎበር ውስጥ ነው የተኛሁት፣ ተጠንቅቄ ሞቻለሁ! አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ወባ የለም ተባለ፣ እንደተለመደው "ታይፎይድ ነው" ተብዬ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቼ ወደ ቤቴ። የት ከርመህ መጣህ ያለኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩ። ድዴ መድማት ሲጀምር ሌላ ቦታ ሄድኩና ደንጊ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። ትንኝን ሁሉ "የወባ ትንኝ" ነው የምንለው። ደንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ ግን ሌላ ናት። እግሯ በነጭ የተዥጎረጎረ ነው፣ የምትነክሰውም ቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ስለዚህ የማታው አጎበር ብቻውን አያድንም። ረግረግም አትፈልግም። ውኃ ይጠፋል ተብሎ በየቤቱ ተሞልቶ የሚቀመጥ በርሜል ይበቃታል። በሽታው በአገራችን መጀመሪያ በምርመራ የተረጋገጠው እዚያው ድሬዳዋ ነው፣ በ2006 ዓ.ም። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ይቺው ትንኝ ቺኩንጉንያ የሚባለውን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ በሽታ አሰራጭታ ስንቱን አልጋ ላይ አስተኛችው።

ስለዚህ የምትሄዱ ሰዎች ቀን ቀን እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ያዙ። በተመለሳችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካተኮሳችሁ ሳትጠየቁም "ድሬ ነበርኩ" በሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ እንጂ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይነካም፣ መድማትን ያባብሳሉ። ትኩሳቱ ሲወርድ ዳንኩ ብላችሁ አትዘናጉ፣ የሚያሰጋው ጊዜ ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት ወይም መድማት ካለ በቀጥታ ሆስፒታል።

ለአክስቴ ደውዬ ስለ በርሜሉ ስነግራት "ውኃዬ እኮ ንጹሕ ነው!" ብላ ተቀየመችኝ። እሱን ነዋ የምትወደው አልኳት። አሁን ክዳን ገዝታለታለች፣ በየሳምንቱም ደፍታ በብሩሽ ትፈገፍገዋለች፣ ምክንያቱም እንቁላሉ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ደርቆም ወራት ይቆያል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ