የረጨውን ያዛችሁ፤ የሸጠለትስ?

ለአካባቢ ጥበቃ ኃላፊው፣

ክቡር ሆይ፣ በጽሑፍ ያስገባሁት አቤቱታ «እየታየ ነው» ከተባልኩ ቆየሁ። ማን እያየው እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያየው እዚህ አመጣሁት።

ደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት አመርታለሁ። ቲማቲሙ አበባውን ጨርሶ ፍሬ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን ግብረ ኃይላችሁ መጣ። ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ናቸው። ጓዳዬን ፈተሹ። የጀርባ መርጫዬን ከነ ፀረ-ተባይ መድኃኒቱ ወሰዱ። «ሐይቁን እየበከልክ ነው» አሉኝ። መድኃኒቱን የገዛሁበትን ደረሰኝ አሳየኋቸው። አንዱ አገላብጦ አየውና «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰልኝ። እሺ፣ የወሰዳችሁትን ዕቃ የሚገልጽ ወረቀት ስጡኝ ስላቸው ተሳሳቁ።

ሱቁ እኮ ሩቅ አይደለም። ያን ዕለት ክፍት ነበር፣ ዛሬም ክፍት ነው። ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ የተወረስኩት መድኃኒት አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። ዋጋው ብቻ ጨምሯል።

አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ አይገባም፣ አይሸጥም ይላል። መድኃኒቱ ከተከለከለ እንዴት ገባ? ካልተከለከለ ለምን ተወሰደብኝ? አስመጪው፣ አከፋፋዩ፣ ቸርቻሪው ሁሉም በር አላቸው፤ የተንኳኳው ግን የእኔ ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎት። ቱታ የምንለው የቲማቲም ተባይ ወደ አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ትሉ ቅጠሉን ሰርስሮ ውስጡ ይገባል። ላይ ላዩን የሚረጨው አያገኘውም። ገበሬው አልሞተም ብሎ ይደግማል፣ አንዱን ከሌላው ይቀላቅላል፣ መጠኑን ይጨምራል። ትሉም መድኃኒቱን ይለምደዋል። ይሄን ማንም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያውቃል። ታዲያ አትርጭ ካላችሁኝ በምን ልከላከለው? ትሉ አድጎ የሚሆነውን የእሳት እራት የሚስብ ወጥመድ አለ ይባላል፣ አዎ አለ። ሥልጠና ላይ በፕሮጀክተር አይተነዋል። ሱቅ ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም። አበልና ምሳ የተመደበለት ነገር ሁሉ እስከ ፕሮጀክተር ድረስ ብቻ ነው የሚመጣው።

መርጫዬ ተወስዶ ማሳዬን ቆሜ አየሁት። ቅጠሉ ደረቀ፣ ፍሬው ተበሳ። ደላላው መጥቶ አየና ዋጋ እንኳ ሳይጠራ ሄደ። የዘሩ፣ የሞተሩ ነዳጅና የቀን ሠራተኛው ዕዳ እኔው ላይ ቀረ።

ውሃው ይጠበቅ የሚለውን የምቃወም እንዳይመስልዎት። ደምበል ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በአማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። መቂና ከታር ይዘው የሚመጡት ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ቆሮሶ ዓሣውን የምንበላው እኛ ነን። የመድኃኒቱን ጭስ መጀመሪያ የሚተነፍሰውም መርጫውን ያዘለው ሰው ነው። ግን እንነጋገር ከተባለ ከአበባ እርሻዎቹ ግሪንሃውሶች በኩል የሚወርደው ቦይም ይታይ። ይበክላሉ ብዬ አልፈረድኩም። ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱም ይነገረን ነው ያልኩት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለተቆጣጣሪዎቻችሁ ይሄን ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የእኔን ጓዳ ለመፈተሽ የበረቱ ልጆች አንድ ጠርሙስ ውሃ መቅዳት እንዴት ያቅታቸዋል?

ደግሞ ገበሬው አያውቅም፣ ገበሬው በከለ የምትሉትን ነገር ተዉት። በ1990ዎቹ ከሺህ ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ከዚህ አገር ተጭኖ ለመቃጠል ፊንላንድ ድረስ ሄዷል። ያ ሁሉ በእኔ ቢጤ ጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ ነበር? ኢንዶሰልፋን የሚባለው ፀረ-ተባይም አደገኛ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ዝርዝር የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ከሱቅ እንደተሸጠልን እኛ እናውቃለን። ክልከላው እናንተ ዘንድ ፋይል ውስጥ ነበር፣ ጠርሙሱ እኛ ዘንድ። መሃል ላይ ያለውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መድኃኒት ሲታገድ ስሙ በየቀበሌው ይለጠፍ። ከሱቅ ይሰብሰብ፣ ከጓዳዬ ከመሰብሰቡ በፊት። የሚወረስ ዕቃ ካለም በወረቀት ይወረስ።

የዚያው የ300/1995 አዋጅ አንቀጽ 11 ማንም ሰው ብክለትን በሚመለከት ለእናንተ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጣችሁ ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለ ቦዩ ያመለከትኩበት ወረቀት መዝገብ ቤታችሁ ማህተም አለበት። ሠላሳው ቀን አልፏል። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ የለኝም፣ ቲማቲሙ ይዞት ሄዷል። ማመልከቻ መጻፍ ግን በእናንተው ደጅ ተምሬያለሁ፤ ክሱን ራሴ እጽፋለሁ። እስከዚያው መርጫዬን መልሱልኝ፤ ሽንኩርት ላይ ነኝ።