ቅጥቅጧን ቤት ላደረጋችሁልን የሐዋሳ ሰዎች የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ያደረሰን ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ከአዲስ አበባ ጠቅልለን ሐዋሳ ስንገባ ቤታችን ባለ ስድስት ጎማ ነበር፦ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ የገባለት አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ። ክረምቱን በሰላም ወጥተናል። ብዙዎቻችሁ ስማችሁ እንዲጻፍ ስላልፈለጋችሁ በሙያችሁ እንጠራችኋለን። ምን እንደሠራችሁና ለምን እንደዚያ እንደሠራችሁም አብረን እንጽፋለን፤ በመኪና ውስጥ ለመኖር ያሰበ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል።

በመጀመሪያ በያጃችንን እናመስግን። የቅጥቅጥ ጣሪያ የሚያፈሰው ፖርቶመጋላው በታሰረባቸው የብሎን ቀዳዳዎችና በላሜራዎቹ መጋጠሚያ ነው። ብዙ ሰው ዝገቱ ላይ ሲሊኮን ለጥፎ ይገላገላል። ላሜራው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ ዝገት ላይ የተለጠፈ ሲሊኮን ደግሞ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይላቀቃል፣ በላዩም ቀለም አይዝም። በያጃችን ግን ፖርቶመጋላውን አውርዶ፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ደፍኖ፣ ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቆ አንቲረስት ቀባ። መጋጠሚያዎቹን ከደረቁም በኋላ እንደ ጎማ በሚለጠጥ በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ዘጋቸው። ጣሪያው ክፍት በነበረበት ጊዜ ሸራ ላዋሰን የሰፈሩ ዕድርም ምስጋናችን ይድረስ።

ጣሪያው ከተደፈነ በኋላም ጠዋት ጠዋት ግድግዳው የሚያልበው ለምን እንደሆነ ያስረዳን አናጺያችን ነው። ውኃው የሚመጣው ከውስጥ ነው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ያወጣል። አንድ ኪሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ ከአንድ ሊትር ተኩል ያላነሰ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ይህ ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነው። በቱቦላሬዎቹ መካከል ፎም ቢገባም ቱቦላሬው ራሱ ከውጭው ላሜራ ጋር የተበየደ ስለሆነ ብርዱን ቀጥታ ወደ ውስጥ ያመጣዋል። ስለዚህ አናጺያችን ኮምፔንሳቶውን ከመምታቱ በፊት በእያንዳንዱ ቱቦላሬ ላይ ቀጭን የላስቲክ ፎም ለጠፈ። ፎሙንም ከላሜራው ጋር ክፍተት ሳይተው አጣበቀው፤ ክፍተት ከተተወ እርጥበቱ እዚያ ተደብቆ ላሜራውን ከጀርባ ይበላዋል። ከዚያ ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር ቀዳዳ አወጣ። የወባ ትንኝ ስለማትታለፍ ሁለቱም ወንፊት አላቸው፤ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አየሩንም ስለሚይዝ ቀዳዳዎቹን አስፍቶ ነው የቆረጣቸው። በስልክ የምናያቸው የፈረንጅ መኪና ቤቶች ግጥም ተደርገው ሲታሸጉ ያምራሉ፤ ሐይቅ ዳር ግን እንደዚያ የታሸገ ቤት ሻጋታ ማርቢያ ነው።

ለኤሌክትሪሺያናችን ምስጋናችን በአንድ አንቀጽ አያልቅም። የሶላሩ መመሪያ ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ30 ዲግሪ በላይ አዘንብሉት ይላል። ያ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስላለች ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ፓኔሎቹን ጠፍጣፋ ሊባል በሚችል ሁኔታ አስሮ፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ጥቂት አዘነበላቸው። መኪናዋንም ከትልቁ ዋርካ ሥር አስወጣት፤ ጥላው አንድ ነገር ነው፣ ዋናው ጠላት ግን ዛፉ ላይ የሚያድረው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነበር። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ አንዷ በኩስ ከተሸፈነች የሌሎቹም ኃይል አብሮ ይወርዳል።

400 ዋት ፓኔልና ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ አለን። ባትሪው ሲሞላ 2,400 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም የምንጠቀመው ግማሹን ብቻ ነው። ይህ ለትንሽ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ፣ ለመብራት፣ ለውኃ ፓምፕና ለስልክ ይበቃል። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ከባትሪው ወደ 100 አምፔር ስለሚስብ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት በ35 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ አገናኘው፤ ባለ 125 አምፔር ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ አደረገው። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ገመድ እዚህ ቢገባ ቀልጦ እሳት ያስነሳል። ፊውዙ ኢንቨርተሩ ጋ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መሃል ላይ የተላጠ ገመድ ላሜራውን ሲነካ የሚያቋርጠው አይኖርም።

መኪናዋ ከቆመችበት ግቢ ቆጣሪ መብራት ስንወስድ የምንፈራው ንዝረት ነው። ቤቱ በሙሉ ብረት፣ የቆመበትም ጎማ ስለሆነ፣ አንድ ገመድ ተልጦ ላሜራውን ቢነካ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በር የሚከፍተው ሰው ነው መንገድ የሚሆነው። ኤሌክትሪሺያናችን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ከሻንሲው ጋር አሰረው፣ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ገጠመ። የኤክስቴንሽን ገመዱንም ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ሳትፈቱ አትጠቀሙ ብሎናል፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ካለፈበት ይግላል።

የግቢው ባለቤት እማማ፣ እርስዎን ምን ብለን እናመስግንዎ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፔር ማለት ነው። በሶላራችን እንጀራ መጋገር የማይታሰብ ስለሆነ ምጣድዎንም ቆጣሪዎንም ሰጡን። ከሁሉ በላይ ግን ቡናችንን በረንዳዎ ላይ እንድናፈላ ፈቀዱልን። ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም፤ በሩ ገርበብ ቢልም፣ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም አይገባም። ጭሱ ካለቀ በኋላም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል።

የቧንቧ ሠራተኛችን ባለ 200 ሊትሩን ሮቶ ከኋላ ጫፍ አንስቶ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ዝቅ አድርጎ አሰረልን፤ ሙሉ ሮቶ 200 ኪሎ ነው። ለማጽዳት ሽቶ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና 200 ሚሊ ሊትር ከሙሉ ሮቶ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ በረኪናው እስኪደርሰው ቧንቧው ሁሉ ተከፍቶ ይዘጋና ያድራል፤ ጠዋት ተደፍቶ ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። ያ ውኃ አይጠጣም። የጉድጓድ ውኃም ቢሆን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ሊበዛው ስለሚችልና መፍላት ፍሎራይድን ስለማያጠፋ፣ ለመጠጥ የምንቀዳው ከከተማው ቧንቧ ነው። ጄሪካን ላመላለሳችሁልን የባጃጅ ልጆች፣ ክፉ አይንካችሁ።

አናጺያችንን ደግመን የምናመሰግነው ለሰጋቱራው ነው። የደረቅ ሽንት ቤት ሽታ የሚመጣው ሽንትና ዓይነ ምድር ሲቀላቀል ነው፤ ሽንቱ በፈነል ወደ ለብቻው ጄሪካን ከሄደና ሌላው በየጊዜው አንድ ጣሳ ደረቅ ሰጋቱራ ከተደረገበት አይሸትም። እርጥብ ሰጋቱራ ግን ምንም አይጠቅምም።

ጎሚስታው ወንድማችን መኪናዋን በውኃ ልክ አስተካክሎ ያቆማት በክሪክ አይደለም። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ዘይቱ ቀስ እያለ ሲያፈስ ይወርዳል። ከሻንሲው ሥር የብረት ማቆሚያ አስገብቶ፣ ዝናብ ያለሰለሰው መሬት እንዳይውጠው ከታቹ ወፍራም ጣውላ አነጠፈ። ጎማዎቹንም ፀሐይ እንዳይሰነጥቃቸው በጆንያ ሸፈናቸው። በወር አንድ ጊዜ ማቆሚያውን አውጥተን ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ እንነዳታለን፤ ቆማ ብቻ ብትነሳ ዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበት አይተንም።

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን።

የቅጥቅጧ ነዋሪዎች፣ ሐዋሳ