ያልታጠበ መርጫ ስለማንቀበልበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ ለመልካም ምኞት ብቻ ብጽፈው ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከነሐሴ ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን ሰምተናል። ግማሹን ፊት ለፊት ነግራችሁናል፤ ግማሹ በሰው በሰው ደርሶናል። "ጠገቡ" ተባልን። "ትናንት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጠግን የነበረ ሰው ዛሬ እጠቡ ብሎ ያዛል" የሚለውም ጆሮዬ ገብቷል። በረንዳው እውነት ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያስቀየመውን ነገር ልናገር። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በጀርባ የሚታዘል የሰብል መድኃኒት መርጫ ሳይታጠብ ለጥገና ከመጣ አንቀበልም። በሽቦ ወይም በመርፌ የተጎረጎረ ኖዝል፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚወጣበትን የመርጫ ጫፍ፣ በዋስትና አንቀይርም። የኪራይ መርጫ ሳይታጠብ ከተመለሰ ደግሞ ከማስያዣው 100 ብር እንቆርጣለን።

በጳጉሜን አንድ አባት ከጣርማ በር በኩል፣ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ መርጫቸውን ይዘው መጡ። በር ላይ የነበረው ልጃችን "አጥበው ይምጡ" አላቸው። የት ይጠቡት? በሰው ከተማ ወንዝ ይፈልጉ? ተቆጥተው ተመለሱ። እኔ አልነበርኩም። እንደሰማሁ መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ፤ አላገኘኋቸውም። ውሃ ሳናዘጋጅ "እጠቡ" ማለት አልነበረብንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አላነሳም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በሐምሌ አንድ መርጫ "አልረጭ አለ" ተብሎ መጣ። ታንኩ ውስጥ መድኃኒት አለ። ግፊቱም አልተለቀቀም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የዘንጉን መጋጠሚያ ሲፈታ ፈሳሹ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ዓይኑን በብዙ ውሃ አጥበን ወደ ሕክምና ወሰድነው። ሐኪሙ "ምን መድኃኒት ነው?" ሲለን መልስ አልነበረንም። የመርጫው ባለቤት አስቀምጦት ሄዷል። ልጁ ሦስት ቀን ዓይኑን ሸፍኖ ከረመ። እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። እናቱ ግን መጥታ በር ላይ ቆመች፣ ምንም ሳትናገር አይታኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ደንበኛ ከእኛ በተከራየው መርጫ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት ረጭቶ መለሰ። "ታጥቧል" አለ፤ አመንነው። በማግስቱ ሌላው ወስዶ ቆርምድ ለተባለው የባቄላ በሽታ ብሎ ባቄላው ላይ የፈንገስ መድኃኒት ረጨበት። ብዙም ሳይቆይ የባቄላው ግንድ ተጣመመ፣ ቅጠሉ ተጠቀለለ። ቱ ፎር ዲ ስንዴን የሚምረው ስንዴ የሣር ወገን ስለሆነ ነው። የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው። ባቄላ ሆነ ግራዋ አይለይም። ቱቦና ማጣሪያ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ነገር ትበቃዋለች። የሰውየውን ባቄላ የተካሁት እኔ ነኝ። ለማንም አላወራሁም ነበር። አሁን የማወራው "100 ብሯን ፈልጎ ነው" ስለተባልኩ ነው።

አሁን ወደ በረንዳው። ሥራ የጀመርኩት የሚነፋ የላምባ ምድጃ በመጠገን ነው። የዚያ ምድጃ ቀዳዳ ሲደፈን መውጊያ መርፌ አለው። ወጋ ታደርጉታላችሁ፣ ይከፈታል፣ ሻይ ይፈላል። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ በአገሩ ስንዴ ላይ ሲወርድ ሰው ሁሉ የተሰበረ መርጫ ይዞ ወጣ። እኔም ምድጃውን ትቼ ወደ መርጫ ገባሁ። የማውቀው ጥበብ ግን መርፌዋ ነበረች። የተደፈነ ኖዝል ሲመጣ በመርፌ እወጋለሁ፣ በአፌ እነፋለሁ፣ "በል ሂድ" እላለሁ። ገንዘብም አልቀበልም ነበር። ስንቶቻችሁ ናችሁ ያንን ከእኔ አይታችሁ ቤታችሁ የምታደርጉት? የሽቦውን ነገር ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን የማስተዋችሁም እኔ መሆን አለብኝ።

ኖዝል ምድጃ አይደለም። ቀዳዳዋ በልክ የተሠራች ናት። ውሃውን በትና እንደ ጉም የምታደርገው እሷ ናት። ፕላስቲክም ሆነች ናስ፣ ሽቦ ሲነካት ጠርዟ ይጫራል፣ ቀዳዳዋ ይሰፋል። ከዚያ አንዱ ወገን ይንጠባጠባል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። መድኃኒቱ "አልሠራም" ትላላችሁ። መድኃኒት ሻጩን ትረግማላችሁ፣ ቀጥሎ እኔን።

መሞከር ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ኖዝሉን ጆግ ውስጥ አድርጋችሁ እኩል እየገፋችሁ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ። አዲስ ኖዝልም እንደዚያው ቅዱ። አሮጌው ከአዲሱ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ አርጅቷል፣ ቀይሩት። ይህ ማለት በእኩል እርምጃ ስትረጩ 10 ሊትር ይበቃ የነበረው ቦታ ከ11 ሊትር በላይ ይጠጣል ማለት ነው። የመድኃኒቱን ዋጋ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የዕቃውን ዋጋ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ኖዝሉ፣ የጎማ ቀለበቱ፣ ቱቦው ከውጭ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲበላሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ርቀት ሌላ አገር ይሆናል። አከፋፋዩ በዱቤ መስጠት አቁሟል። እኔ ግን ለእናንተ ዱቤ አላቆምኩም። ደብተሬ ይመስክር። በመርፌ የተበላሸውን ኖዝል ሁሉ "ዋስትና አለው" ብዬ መቀየሬን ብቀጥል ግን በሚቀጥለው ክረምት ይህ ቤት ክፍት መሆኑን እንጃ።

ስለዚህ እጥበቱን ልናገር። ረጭታችሁ ስትጨርሱ እዚያው ማሳው ላይ ጀምሩ። ማታ ቤት ገብቼ አጥበዋለሁ ያለ ሰው አያጥብም፤ ራሴን አውቃለሁ። ጓንት አድርጉ። በጥቂት ንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ታንኩን አናውጣችሁ መድፋት ብቻ ሳይሆን በዘንጉና በኖዝሉ እየገፋችሁ አውጡት። ቱቦው የሚጸዳው እንደዚያ ነው። እጣቢውን በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ እርጩት። በበሬሳ ወንዝ ውስጥ የሚያጥብ ሰው አይቻለሁ። ያንን ውሃ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ ሰውም ልብስ ያጥብበታል፣ እባካችሁ።

ቱ ፎር ዲ ከረጫችሁ ሦስቱ አይበቃም። ኦሞ ጨምራችሁ ሞልታችሁ አሳድሩትና እንደገና አለቅልቁ። የሚሻለው ለአረም የራሱ መርጫ መያዝ ነው። ከኪራዮቻችን ቀይ ቀለም የቀባናቸው ለአረም ብቻ ናቸው። "ዛሬ ብቻ ለባቄላ ስጠኝ" ብላችሁ አታስጨንቁኝ፤ ለወንድሜም አልሰጠሁም።

ኖዝሉንና ማጣሪያውን ፍቱና ለብ ባለ የኦሞ ውሃ ነክራችሁ አሳድሩ። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ነው። ብሩሹ እዚያው ከመርጫው ጋር ይቀመጥ፣ ወደ ቤት እንዳይመለስ። በአፍ መንፋት ፈጽሞ ይቅር። እኔ ስንት ዓመት ነፋሁ፤ ምን ያህል እንደዋጥኩ ባስብ አይጠቅመኝም። ማንኮዜብን የመሰለ ዱቄት መድኃኒት ከሆነ ቀድማችሁ በባልዲ በጥብጡ፣ በጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ። አብዛኛው ደፈነ ተብሎ የሚመጣልን ያልተበጠበጠ ዱቄትና የኩሬ ጭቃ ነው።

አሁን ደግሞ የደብረ ብርሃን ውርጭ እየመጣ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውሃ ያደረበት ፓምፕና ዘንግ ይሰነጠቃል። ግፊቱን ልቀቁ፣ ሁሉንም አንጠፍጥፉ፣ መርጫውን ዘቅዝቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት። ከልጅ እጅም ከአይጥም ይርቃል።

እኛም የበኩላችንን አድርገናል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከሱቁ ጓሮ በርሜል ውሃ፣ ኦሞና ጓንት አለ። እጣቢው የሚገባበት ዝግ በርሜልም ለብቻው አስቀምጠናል። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳያጥብ ቢመጣ አይመለስም፤ አብረን እናጥባለን፣ ለዚህ አናስከፍልም። 100 ብሯ ለኪራይ ብቻ ናት። የምንጠይቃችሁ ውስጡ ምን እንደነበረ እንድትነግሩን ነው። ልጁ ይጽፈዋል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ከረጢት ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል።

በሽቦ የተበላሸውን በተመለከተ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ አንድ አንድ ኖዝል በገዛንበት ዋጋ እንሰጣለን። ሽቦውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ ብያለሁና ቢያንስ ይህን ልሸከም። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።

የጣርማ በሩን አባት የሚያውቅ ካለ ይንገርልን። ግራጫ ጋቢ ለብሰው ነበር አሉ፤ መርጫቸው ሰማያዊ ነው፣ እጀታው በገመድ የታሰረ። እጀታ አዘጋጅተንላቸዋል። ታጠበም አልታጠበም ይዘውት ይምጡ።

አክባሪያችሁ፣
የመርጫ ጥገናና ኪራይ ቤቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.