ከደሴ ለጤና ሚኒስቴር፦ ወደ ውጭ ይታከሙ ስለተባሉ ሕፃናት ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለደሴ ከተማ ጤና መምሪያ

ጉዳዩ፦ ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ሕፃናት ጉዳይ ባለቤት እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በደሴ ከተማ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ነው። ዕድራችን ሲቋቋም ለቀብርና ለለቅሶ ነበር። አሁን አሁን ግን ከስብሰባችን አጀንዳ ግማሹ የታመመ ልጅ ጉዳይ ሆኗል። አንዱ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት፣ ሌላው ኩላሊቱ ደክሟል፣ አንዷ ዓይኗ ውስጥ ዕጢ ወጥቶባታል። ሁሉም "እዚህ አይቻልም፣ ውጭ ሄዶ ይታከም" ተብሎ ወረቀት የተጻፈላቸው ናቸው። ወረቀቱ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የወላጅ ፋንታ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ከወረቀቱ በኋላ ስላለው ነው።

አሠራራችንን ላታውቁት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይወጣል። የሆስፒታሉ ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በላስቲክ ይለበጣል። ባንክ ሄደን በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ እንከፍታለን፤ አባት፣ ከዕድሩ አንድ ሰው፣ ከሰፈር ሽማግሌ አንድ። የልጁ ፎቶ በባነር ይታተማል። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ የተሰካበት ፎቶ ካለ እሱ ይመረጣል፤ ሰው ኪሱ የሚገባው ያንን ሲያይ ነው። ከዚያ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ሲለፈፍ ይዋላል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንሶላ ይነጠፋል። የወሎ ሰው እጁ አያጥርም። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ልጅ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ልጅ ይሰጣል። በዚህ እኮራለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ይበልጥ ለታመመው ልጅ አይደለም። መልኩ ለሚያሳዝነው፣ እናቱ ካሜራ ፊት አንደበቷ ለሚፈታው፣ ጂዳ ወይም ዱባይ ዘመድ ላለው፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው ለተዛመተለት ነው። ከተንታ ወይም ከወረባቦ ልጁን አቅፎ የመጣ፣ ደሴ ውስጥ የሚያሳድረው ሰው የሌለው ገበሬ አንሶላ ማንጠፍ ያፍራል። ልጁ ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አያወዳድረውም። ማን ይቅደም የሚለውን ሐኪም መወሰን ሲገባው ድምፅ ማጉያ እየወሰነው ነው።

ሐኪሞቻችሁ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁትን ነገር ልድገመው፣ ምክንያቱም የጊዜው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር ይዘው ይመጣሉ። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉና ሒሳቡ ከ24 ሺህ ያልፋል። ሁሉም ቀዶ ሕክምና አይፈልጉም፤ ትንሽ ቀዳዳ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። በታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ሰፊ ቀዳዳ ግን ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ካልተዘጋ፣ ከመጠን በላይ የሚጎርፈው ደም የሳንባውን ደም ሥሮች ያደነድናቸዋል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ልጁን ሊገድለው ይችላል። እኛ በአንሶላ ብር እስክናጠራቅም የሚያልፈው ጊዜ ያ ነው። የጎደለው ሲሞላ "አሁን ዘግይቷል" የተባለ ቤተሰብ አውቃለሁ። የተሰበሰበውን ብር ምን እናድርገው ብለው እኛኑ ጠየቁን።

ሌላም ልጨምር። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። አንድ ልጅ ነበረን፣ ጥቂት ሮጥ ብሎ ቁጢጥ የሚል። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ይጠቁራሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ እንደገና ይሮጣል። ጓደኞቹ የጨዋታው ደንብ መስሏቸው አብረውት ቁጢጥ ይሉ ነበር። እናቱ ሰነፍ ነው ብላ ትቆጣው ነበር። ቁጢጥ ማለቱ ተጨማሪ ደም ወደ ሳንባው እንዲሄድለት ሰውነቱ በራሱ ያገኘው ዘዴ መሆኑን ሐኪም ካስረዳን በኋላ ነው የገባን። እንዲህ ያለ ልጅ በየትምህርት ቤቱ ሊኖር ይችላል፤ መምህሩ ምልክቱን ቢያውቅ ኖሮ ገና በአንደኛ ክፍል ይለየው ነበር።

አገር ውስጥ ምንም የለም እያልኩ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ለዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ እየላከ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ ሥራ ጀምሯል። ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች ከእኛዎቹ ጋር ሆነው ብዙ ልጅ አድነዋል። ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ናቸው። ለእኛ ደግሞ ተራው ከመጀመሩ በፊት መንገዱ አለ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ይወጣል። ኦክስጅን የሚያጥረውን ልጅ በዚያ ከፍታ በሕዝብ አውቶቡስ ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪም አይነገርም። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋም ታውቃላችሁ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ትኬቱን የሚችል ይሄድበታል። የቀጠሮውን ቀን መንገድ ተዘግቶ ያሳለፈ ልጅ አዲስ ቀጠሮ ይሰጠዋል እንጂ በነበረበት ተራ አይጠበቅም።

ወደ ውጭው ልመለስ። በገንዘብ የሚያክሙም በነጻ የሚያክሙም ሆስፒታሎች አሉ፤ የእኛ ወላጅ ስለ ሁለቱም የሚሰማው በወሬ ነው።

የገንዘቡን በምሳሌ ልንገራችሁ። ለንደን ያለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከውጭ ለሚመጡ ሕፃናት የተለየ ክፍል አለው፣ አረብኛ የሚናገሩ ሠራተኞችም አሉት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሄዱት ብዙዎቹ ሕፃናት የሚከፍለው መንግሥታቸው ነው። ኩዌት ለዚሁ ሥራ ለንደን ውስጥ የጤና ጽሕፈት ቤት አላት። የልጁን ፋይል የሚልከው፣ ዋጋውን የሚነጋገረው፣ ዋስትና የሚጽፈው ያ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አባትየው ልጁን ይዞ ይሄዳል። እኛ የኩዌት ነዳጅ የለንም፤ ክፈሉልን ብዬ አልጠይቅም። ፋይል የሚልክና የሚነጋገር ሰው ለማስቀመጥ ግን ነዳጅ አያስፈልግም።

የእኛ ሰው የሚሄደው ወደ ሕንድ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የውጭ አገር ሕክምናን አይሸፍንም። ሆስፒታሉ የሚጠይቀው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሄዷል። የጀመርነው መዋጮ ግማሽ ላይ ደርሶ ሳለ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ሩብ ወረደብን። ለውጭ ምንዛሪው የሜዲካል ቦርድ፣ ማለትም የሐኪሞች ቦርድ፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው የት፣ በማን፣ በስንት ቀን እንደሚሰጥ ስንጠይቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ሰው ይለያያል። እዚህ መሀል ደላላ ይገባል። የሆስፒታሉን ደብዳቤ አስመጣለሁ፣ ቪዛ አስጨርሳለሁ እያለ ከወላጅ ላይ ይቆርጣል። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣልና ይከፍሉታል።

በነጻ የሚያክሙት ደግሞ አሉ። እስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው የዎልፍሰን ሕክምና ማዕከል የሚሠራው የሕፃናት ልብ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ከብዙ አገሮች ሕፃናትን ሲያክም ኖሯል፤ ከኢትዮጵያ የሄዱም ብዙ ናቸው፣ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችንም አሠልጥኗል። ካርቱም አጠገብ ሶባ ላይ ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈተው የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ለጎረቤት አገር ሕሙማን ጭምር በነጻ ይሠራ ነበር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ያ በር ለእኛ ሰው ተዘጋ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ኡጋንዳ ኢንቴቤ ላይ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ከፍቷል። እነዚህ ቦታዎች አጫጭር የሕክምና ዘገባ፣ የቅርብ ጊዜ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት፣ የልጁን ክብደትና ዕድሜ ይፈልጋሉ፤ በጊዜው ደርሷቸው እነሱ እንዲመርጡ። ከደሴ ይህን የሚልክ ማን ነው? አንድ ደግ ሐኪም በግል ኢሜይሉ፣ ከተረኛ ሥራው በኋላ። እሱ ሲዛወር ደግሞ ማንም አይልክም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ልለፍ፤ ልጁ ታክሞ ሲመለስ። ኤርፖርት አበባ ይዘን እንቀበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ የዕድሩ ፋይል ይዘጋል። የልጁ ፋይል ግን ያን ቀን ነው የሚከፈተው። ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) የተገጠመለት ልጅ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። መጠኑ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል፤ ስለዚህ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ በየጊዜው መሠራት አለበት። አንድ ሰሞን ኬሚካሉ አለቀ ይባላል፣ ሌላ ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቷል። መድኃኒቱ ከአንዱ ፋርማሲ ይጠፋና ሌላው ጋ በሌላ ሚሊግራም ይገኛል፤ እናትየው ማንበብ ካልቻለች ፍሬውን በቀለሙ ነው የምትለየው። ጎመን በብዛት ሲበላ የመድኃኒቱ ኃይል እንደሚቀንስ የነገራት የለም። በጾም ወር እኛ ቤት ከጎመን ሌላ ምን አለ? ልጅቱ አድጋ ባል አግብታ ስታረግዝ ዋርፋሪኑ ለፅንሱ አደገኛ መሆኑንስ ማን ይነግራታል? ስንት ሺህ ዶላር የወጣበት ልብ በአንድ የደም ምርመራ እጦት ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ለዚያኛው ዕድሩ የተሰበሰበው በቀደመው ሥራው፣ ለቀብር ነው።

ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቭ የሚያበላሸው የልብ በሽታ ደግሞ መጀመሪያውኑ ውጭ ባላስላከ ነበር። ቶንሲል ሲያመው በወቅቱ ፔኒሲሊን ያገኘ፣ አንዴ ከተያዘም ቤንዛቲን የተባለውን የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የተወጋ ልጅ ከብዙ ነገር ይድናል። እዚህ ግን አሁንም እንጥል የሚያስቆርጡ አሉ፤ ይህ የእኛም የሰፈር ሽማግሌዎች ሥራ ነው፣ በእናንተ ላይ ብቻ አልጭነውም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ደሴ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይኑር፣ ስልክ ያለው፣ ስሙ የታወቀ ሰው የሚቀመጥበት። ለከፍተኛ ሕክምና የተላከ ሕፃን ሁሉ፣ ከደቡብ ወሎም ይምጣ ከኦሮሞ ልዩ ዞን ወይም ከአፋር፣ እዚያ ይመዝገብ። ቅደም ተከተሉን ሐኪሞች በበሽታው አስቸኳይነት ይወስኑት፤ ስም ሳይጠቀስ በመለያ ቁጥር ይለጠፍ፣ ወላጅ ልጁ የት እንደደረሰ እንዲያይ። የሜዲካል ቦርዱ አሠራር በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ደላላውን ከፖሊስ ይልቅ የሚያባርረው እሱ ነው። ነጻ ሕክምና ወደሚሰጡት ቦታዎች ፋይል መላክ የአንድ ሰው መደበኛ ሥራ ይሁን። ከውጭ የሚመጡት የልብ ሐኪሞች ቡድኖች አዲስ አበባ ሲመጡ አንድ ሁለት ቀን ደሴ ወርደው ኢኮ እንዲያዩ ጠይቁልን። የእኛም ሐኪሞች ከጎናቸው ቆመው ይማሩ። ለተመለሱት ልጆች አይኤንአር እንዳይቋረጥ በጀት ይያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለመጻፍም የሚከብድ። አንዳንዱ ልጅ የትም ቢሄድ አይድንም። ሐኪሙ ያውቃል፣ ግን እናትየውን ፊት ለፊት ላለማስለቀስ "አብሽሪ፣ ውጭ ይሞከር" ይላታል። እሷ በሬዋን ትሸጣለች፣ ቤቷን ታሲዛለች፣ ሌሎቹ ልጆቿ ከትምህርት ይቀራሉ። አይሆንም የሚለውን በሦስት ሐኪም ፊርማ፣ በአክብሮት፣ ቁጭ ብሎ የሚነግራት ቦርድ ያስፈልጋል። የሕመም ማስታገሻም አብሮ ይሰጥ። ያን ጊዜ እኛም አንሶላ አናነጥፍም፤ ለቤቷ እህል እንገዛለን።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ እገምታለሁ። ሆስፒታላችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ ከባዶ እንደተነሳ እዚህ ያለነው አይተናል፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነገ ሥሩልን አላልንም። ከላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው መዝገብ፣ ወረቀትና አንድ ሁለት ሰው ነው። ዕድራችን ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ አዳራሽ አለው፤ ከለቅሶ ቀን በስተቀር ባዶ ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን እንሰጣለን። የሚቀመጥበትን ሰው መድቡልን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም በጽሑፍ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የዕድሩ ጸሐፊ
ደሴ