ጉዳዩ፦ በጽሑፍ የተሰጠን የበረራ ሰዓት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለትኬት ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

እናቴ አራስ እኅቴን ለመጠየቅ ሰኔ 21 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተጓዙበት ትኬት በመዝገባችሁ ስላለ ዝርዝሩን አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድሁት «ሰኞ ታርሞ በጽሑፍ ይሰጥዎታል» ከተባልሁ ዛሬ ሦስተኛው ሰኞ በመሆኑ ነው።

ከትኬቱ ጋር በሰጣችሁን ወረቀት ላይ የመሄጃው በረራ 9 ሰዓት ተኩል፣ የመመለሻው ደግሞ 20 ሰዓት እንደሚፈጅ ሰፍሯል። ሠራተኛችሁ አውሮፕላኑ ከምሽቱ 4፡45 ተነሥቶ ከጠዋቱ 2፡15 እንደሚደርስ አይቶ በጣቱ ቆጠረ እንጂ፣ መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት የተጻፈ መሆኑን፣ በዚህ ወቅትም ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ እንደምትቀር አላሰበም። 7ቱ ሲጨመር መሄጃው 16 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከመመለሻው ላይ ሲቀነስ ደግሞ 13 ሰዓት ይቀራል።

ይህን በትሕትና ሳስረዳው «ርቀቱ ያው ነው፤ ሲሄድና ሲመለስ በሦስት ሰዓት ተኩል ሊለያይ አይችልም» አለኝ፤ በራሱ ወረቀት ላይ በአሥር ሰዓት ተኩል መለያየቱን ግን አላየም። ርቀቱስ በእርግጥ ያው ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሆኖም ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛ ጋር ይዞ መነሣት ስለሚቸግረው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የመመለሻው መነሻ የሆነው የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱንም ከኋላው አድርጎ በቀጥታ ይመጣል። ይህን ማስረዳት የትኬት ሻጭ እንጂ የገዢ ሥራ አልነበረም።

ሠራተኛችሁ ግን ባለጉዳይ በተሰበሰበበት «ለመሆኑ እናትዎ ለአዲስ አበባ አውቶቡስም እንዲህ ሰዓት ይይዛሉ?» ብሎ ሣቀ። እናቴ ሰዓት የሚይዙት የስኳር ሕመምተኛ በመሆናቸውና ኢንሱሊናቸውን ከምግባቸው ጋር አመዛዝነው ስለሚወስዱ ነው። ወረቀታችሁን አምነን ለ9 ሰዓት ተኩል ብቻ አሰናዳናቸው። አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቢነሡ አስተናጋጇ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ደረሰኙን ያገኘሁት በሦስተኛው ምልልሴ ነው፤ ስማቸውንም ራሳችሁ አሳስታችሁ ጽፋችሁ ማረሚያውን እኔን አስከፍላችሁኛል።

ስለዚህ የመመለሻው ቀን ሳይደርስ መነሻና መድረሻው በየአገሩ ሰዓት፣ የበረራው ርዝመትም ለብቻው የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲሰጠኝ፣ ለስም ማረሚያ የከፈልሁት ገንዘብም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ይኸው ደብዳቤ ከነወረቀታችሁ ቅጂ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይገባል። ሠራተኛውም እናቴን በስልክ ይቅርታ ይጠይቅልኝ፤ ሲደውል ግን እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን አስቀድሞ ይነገረው።

ከሰላምታ ጋር
የመንገደኛዋ ልጅ